ከባድ ስሜትን ይዞ መራመድ፦ ሐሳብንና ስሜትን ተቀብሎ በእሴት ለመኖር የሚረዳ መመሪያ

ሰው ሲጨነቅ አጠገቡ ያለው ሁሉ የሚመክረው ተመሳሳይ ነው። «አታስብ» ይሉታል። ሲያዝን «እርሳው»፣ ሲፈራ «ምን ያስፈራሃል?»፣ ሲቆጨው «ያለፈ አለፈ» ይሉታል። የሚሉት ስለሚወዱት ነው። ነገር ግን አታስብ ስለተባለ ማሰብ ያቆመ ሰው አላውቅም። አታልቅሺ ስለተባለች ሐዘኗ የቀለለላትም የለችም። እንዲያውም ምክሩ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ሰውዬው መጨነቁ ሳያንስ «ለምን እጨነቃለሁ?» ብሎ ሁለተኛ ይጨነቃል።

ይህ መመሪያ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ጭንቀቱ እስኪለቀን፣ ሐዘኑ እስኪወጣልን፣ ድፍረት እስኪመጣልን አንጠብቅም። ያለውን ስሜት እንደያዝን ከልባችን ለምንወደው ነገር አንድ እርምጃ እንራመዳለን። ሲነገር ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን ልምምድ ይጠይቃል። ልምምዱን ነው እዚህ ደረጃ በደረጃ የማስቀምጠው።

አካሄዱ ከየት መጣ?

ይህ አካሄድ የመጣው የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና ከሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «አክት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስቲቨን ሄይስና ባልደረቦቹ ናቸው። ሄይስ ራሱ በወጣትነቱ በድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል፣ ብዙዎች «ፓኒክ» በሚሉት ሕመም ተሠቃይቷል። በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ለመናገር እጁን አውጥቶ፣ ተራው ሲደርስ አፉን ቢከፍት ድምፅ አልወጣ እንዳለው በአደባባይ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፍርሃቱን ለማጥፋት ታገለ። ትግሉ በበረታ ቁጥር ፍርሃቱም በረታ። የሕክምናው ዋና ሐሳብ ከዚህ ዓይነት ልምድ ጋር የተሳሰረ ነው።

ዛሬ አካሄዱ ከክሊኒክ ግድግዳ ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ አካሄድ ላይ የተመሠረተ፣ በሥዕል የተደገፈ የራስ አገዝ መጽሐፍ አውጥቷል። ድርጅቱ በተመሳሳይ ሐሳብ ያዘጋጀው የቡድን ሥልጠና ደግሞ በሰሜን ዩጋንዳ በ694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተጠንቷል። ሥልጠናው በአምስት ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነበር። የመሩትም በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ ሥልጠናውን የወሰዱት ሴቶች ጭንቀት ካልወሰዱት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ማንሣቴ ለምክንያት ነው። «ስሜትን መቀበል» የሚለው ነገር የተመቸው ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እነዚህ ሴቶች አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ሃያ ደቂቃ ማንም የማይረብሻችሁ ጊዜ ፈልጉ። ስልካችሁን ከእጃችሁ አርቁ።

ከዚያ የምትለማመዱበትን ስሜት ምረጡ። በሕይወታችሁ ካለው ሁሉ ከባዱን አትምረጡ። ከአስር ብትለኩት አራት ወይም አምስት የሚሆነውን ያዙ። ከአለቃ ጋር መነጋገር ሲታሰብ የሚመጣው ፍርሃት፣ ከወንድም ጋር ከተጣላችሁ በኋላ የቀረው ቅሬታ፣ ያልተጨረሰ ሥራ የሚያመጣው እፍረት ለጅማሬ ጥሩ ናቸው። ጡንቻ በአንድ ቀን አይገነባም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ካላችሁ፣ ያለፈ አሰቃቂ ነገር አሁን እየሆነ ያለ እስኪመስላችሁ የሚመላለስባችሁ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩ። መጀመሪያ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ልምምዱ ያኔም ይጠቅማል፤ ግን አብሮ የሚይዛችሁ ሰው ያስፈልጋል።

ደረጃ 1፦ እስካሁን ያደረጋችሁትን ሁሉ ጻፉ

አንድ ገጽ በሦስት ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ይህን ስሜት ለማራቅ እስካሁን ያደረጋችሁትን ጻፉ። በሁለተኛው «ለጊዜው ምን ረዳኝ?»፣ በሦስተኛው «ውሎ አድሮ ምን አስከፈለኝ?» የሚለውን መልሱ።

በምሳሌ እንየው። እንበል አንዲት ሴት እናቷ ታመዋል፤ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ስትደውል የእናቷ ድምፅ ተዳክሞ ትሰማለች። ስልኩን ስትዘጋ ጸጸት ውስጧን ይበላዋል። «ቀደም ብዬ መሄድ ነበረብኝ። እኔም ልጅ ተብዬ!» ትላለች። ይህን ላለመስማት መደወሉን ማዘግየት ጀመረች። ዛሬ ሥራ በዛባት፣ ነገ መሸባት፣ ከነገ ወዲያ «አሁን ተኝተው ይሆናል» አለች። ሳምንት አለፈ።

የዚህች ሴት ገጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓምድ «መደወል አዘገየሁ» ትላለች። ለጊዜው ምን ረዳ? ያንን የደከመ ድምፅ ሳትሰማ አመሸች፤ ቀለል አላት። ውሎ አድሮስ? ጸጸቱ እጥፍ ሆነ፤ አሁን የምትጸጸተው ባለመሄዷ ብቻ ሳይሆን ባለመደወሏም ነው። ከእናቷም ራቀች። ቀጥሎ «እስከ ሌሊት ቪዲዮ አየሁ»፣ «ሥራ ላይ ተጠመድኩ»፣ «እህቴን ተቆጣሁ» ትጽፋለች። የሁሉም መልስ ይመሳሰላል። ለጊዜው ቀለል፣ በኋላ ግን ከበድ።

ገጻችሁን ስታነቡ ራሳችሁን አትውቀሱ። የሚያመውን መሸሽ የሰው ተፈጥሮ ነው። ከውጭ ላለው አደጋ ሽሽት ይሠራል፤ እሳት ካያችሁ ትሸሻላችሁ፣ ትድናላችሁም። ለውስጥ ነገር ግን ያው ዘዴ አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ይህን በቀላል ሙከራ አሳይቷል። ሰዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው። ካሰቡ ደወል እንዲደውሉ ነገራቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተደወለ። ይባስ ብሎ በኋላ «አሁን አስቡ» ሲባሉ፣ መጀመሪያውኑ አታስቡ ካልተባሉት ሰዎች ይልቅ እነሱ አብዝተው ስለ ድቡ አሰቡ። አፍኖ የያዙት ሐሳብ ሲለቁት በርትቶ ይመለሳል።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ «መታገሉ አላዋጣኝም» የሚለውን በራሳችሁ እጅ ጽሑፍ ማየት። ሰው ነግሯችሁ ሳይሆን የራሳችሁ ገጽ አሳይቷችሁ።

ደረጃ 2፦ ለስሜቱ ቦታ ስጡት

የመመሪያው ልብ ይኼ ነው፤ አትቸኩሉ።

ቁጭ በሉ። እግራችሁ መሬት ይርገጥ። የመረጣችሁትን ነገር አስቡትና ስሜቱ ትንሽ እስኪነሣ ጠብቁ። ከዚያ ጥያቄውን ከጭንቅላት ወደ ሰውነት አውርዱት። «ለምን ተሰማኝ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጥያቄው ወደ ሙግት ይወስዳችኋል። «የት ነው ያለው?» በሉ። ጉሮሮ ላይ ተናንቋችኋል? ደረታችሁን ጭንቅ አድርጎታል? ሆዳችሁ ባር ባር ብሏል? ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ተስቧል?

ስታገኙት እንደማታውቁት ነገር አጥኑት። ስፋቱ ምን ያህል ነው? ጫፉ የት ጀምሮ የት ያልቃል? ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ይንቀሳቀሳል ወይስ ባለበት ቆሟል? ላይ ላይ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? መልሱ ትክክል ይሁን ስሕተት አይደለም ቁም ነገሩ። ዓይናችሁን ከሱ ሳታነሡ አብራችሁት መቆየታችሁ ነው።

አሁን በቀስታ ተንፍሱ። ትንፋሹ ስሜቱ ባለበት ቦታ ዙሪያ የሚገባ ያህል አድርጋችሁ አስቡት። ስሜቱን ለመግፋት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ እንዲላላ ነው። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ከሆነ ልቀቁት። ጣታችሁን ጨብጣችሁ ከሆነ ክፈቱት። ከፈለጋችሁ እጃችሁን ቦታው ላይ አሳርፉ፤ ያመመውን ልጅ እንደምትነኩት በርኅራኄ። በልባችሁም «ይሄ ሐዘን ነው፤ እዚህ ነው ያለው፤ ይኑር» በሉ። ስሜቱን በስሙ ጥሩት፦ ፍርሃት፣ ቅናት፣ እፍረት፣ ናፍቆት፣ ብስጭት። «ደብሮኛል» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ድብርት የሚመስለው ነገር ጠጋ ብለው ሲያዩት ብዙ ጊዜ ሌላ ስም አለው።

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ባለበት ሊቆይ ይችላል፤ ሊጨምርም ይችላል። ሦስቱም ደኅና ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ለሦስት ቀን ይለማመድና «ተቀብዬዋለሁ፤ ታዲያ ለምን አልሄደም?» ይላል። እንዲሄድ ብሎ የተቀበለ ሰው አልተቀበለም። በር ከፍቶ «ግባ፣ ግን ቶሎ ውጣ» እንደማለት ይሆናል። በለሆሳስ የሚደረግ ትግል ነው፤ ውጤቱም እንደ ድሮው ትግል ነው። ራሳችሁን ለመፈተን ይህን ጠይቁ፦ «ይህ ስሜት ዛሬ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ቢውል፣ ላደርግ ያሰብኩትን አደርጋለሁ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ መቀበል ጀምራችኋል። «መጀመሪያ ይለቀኝና» ከሆነ ገና እየታገላችሁ ነው፤ ተመልሳችሁ ተቀመጡ።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። መቀበል ማለት አሜን ብሎ መቀመጥ አይደለም። የምንቀበለው በውስጣችን ያለውን ስሜት ነው እንጂ በደልን አይደለም። የሚመታችሁ ሰው ካለ ዱላውን አትቀበሉም፤ ከዚያ ትወጣላችሁ። የሥራ ቦታችሁ ግፍ ካለበት ትናገራላችሁ ወይም ትለቃላችሁ። ስትወጡ የሚመጣውን ፍርሃት፣ ስትናገሩ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ነው የምትቀበሉት። ይህን የማጠብቀው «ቻል አድርገው» የሚለው ምክር በመቀበል ስም ሰዎችን ሲጎዳ ስለማይ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ደረጃ 3፦ ከሐሳቡ ትንሽ ራቅ በሉ

ስሜት በሰውነት ይቀመጣል፤ ሐሳብ ደግሞ ያወራል። «አትረባም፣ አትችልም፣ ሰው ይስቅብሃል፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነህ» ይላል። ሐሳቡ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብሎ መከራከር አንዱ መንገድ ነው፤ ሌሎች የሕክምና ዓይነቶች ይጠቀሙበታል። እዚህ ግን አንከራከርም። የምንጠይቀው «ይህን ሐሳብ ተከትዬ ብሄድ ወደምፈልገው ሕይወት ያደርሰኛል?» ብለን ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ እንዲህ ነው። የሚያሠቃያችሁን ሐሳብ በአጭሩ ጻፉት። «መጥፎ ልጅ ነኝ።» ለአሥር ሰከንድ ሙሉ በሙሉ እመኑት፤ ምን እንደሚሰማችሁ አስተውሉ። ቀጥላችሁ ከፊቱ ጨምሩበት፦ «መጥፎ ልጅ ነኝ የሚል ሐሳብ እየመጣብኝ ነው።» አንዴ ደግሞ ጨምሩ፦ «መጥፎ ልጅ ነኝ የሚል ሐሳብ እየመጣብኝ እንደሆነ አስተዋልኩ።» ሐሳቡ ያው ነው፤ አንድም ቃል አልተሰረዘም። በእናንተና በሱ መካከል ግን ትንሽ ክፍተት ተፈጠረ። ያ ክፍተት ይበቃል።

ሁለተኛው ልምምድ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ያሰኛል። ሐሳባችሁን ወደ አንድ ቃል አሳጥሩት፤ ለምሳሌ «ሰነፍ»። ማንም በሌለበት ቃሉን ድምፅ አውጥታችሁ፣ በፍጥነት፣ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ደጋግሙት። ሰነፍ ሰነፍ ሰነፍ ሰነፍ። ቀስ በቀስ ትርጉሙ እየሳሳ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ይህ ዘዴ ከሕክምናው የቆየ ነው፤ ኤድዋርድ ቲችነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎበታል። ለጥልቅ ሐዘን ግን አልመክረውም። የሞተ ዘመድን ስም ወይም የደረሰባችሁን በደል እንዲህ አታድርጉት። ራሳችሁን ለምትሰድቡበት ቃል ብቻ ተጠቀሙበት።

ሐሳቡ ከዚህ በኋላም ያወራል። ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ ነው፤ እናንተ አታጠፉትም። እሱ እያወራ ሥራችሁን መሥራት ግን ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐሳቡን «አስተዋልኩ» የሚለው ማነው? ሐሳቡ ይለዋወጣል፣ ስሜቱ ይለዋወጣል፣ ሰውነታችሁም ከልጅነት እስካሁን ተለውጧል። የምታስተውሉት እናንተ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ኖራችኋል። ሐሳባችሁ አይደላችሁም፤ ሐሳብ የሚመጣባችሁ ሰዎች ናችሁ።

ደረጃ 4፦ ወዳላችሁበት ተመለሱ

ይህኛው አጭር ነው። ሐሳብ ይዟችሁ ሲሄድ፣ አንዴ ወደ ትናንት አንዴ ወደ ነገ ሲያመላልሳችሁ፣ እግራችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ። የምታዩአቸውን አምስት ነገሮች በልባችሁ ጥሩ። የምትሰሟቸውን ሦስት ድምፆች ለዩ። ከዚያ «አሁን ምን እያደረግኩ ነበር?» ብላችሁ ወደዚያው ተመለሱ። ስሜቱን ለመርሳት አታድርጉት፤ ስሜቱም እንዳለ፣ ክፍሉም እንዳለ ሁለቱንም ለማየት ነው። ዕቃ ስታጥቡ፣ መንገድ ስትሄዱ፣ ወረፋ ስትጠብቁ ተለማመዱት። በደኅና ቀን ያልተለማመዱት በክፉ ቀን አይገኝም።

ደረጃ 5፦ እሴታችሁን ፈልጉ

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ ያለዚህ ደረጃ ባዶ ነው። ሰው ሕመምን ለሕመምነቱ ብሎ አይቀበልም። የሚቀበለው ከሕመሙ ማዶ የሚወደው ነገር ስላለ ነው።

እሴት ስል ግብ ማለቴ አይደለም። ግብ ያልቃል፤ ዲግሪ ይዛችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ታገቡና ትጨርሳላችሁ። እሴት አያልቅም። «የማስብ ልጅ መሆን»፣ «ለማወቅ መጓጓት»፣ «በሐቅ መሥራት» አንድ ቀን ተፈጽሞ አይዘጋም። ዛሬም ይሠራል፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሆናችሁም ይሠራል። እሴት «እንዴት ዓይነት ሰው ሆኜ መኖር እፈልጋለሁ?» ለሚለው የምትሰጡት መልስ ነው።

ለማግኘት ከስሜታችሁ ተነሡ። ደብተራችሁ ላይ «ይህ ነገር እንዳያመኝ ምን ነገር ግድ ባይሰጠኝ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የምሳሌዋ ሴት መልሷ ግልጽ ነው። እናቷን ባትወዳቸው ጸጸቱ አይኖርም ነበር። ጸጸቱን ከሥሩ ለመንቀል ፍቅሩን መንቀል ይኖርባታል። ስብሰባ ላይ ለመናገር የሚፈራ ሰውም ሥራው ግድ ባይሰጠው፣ ሰው የሚለው ግድ ባይሰጠው አይፈራም። የሚያማችሁ ቦታና የምትወዱት ነገር ጎን ለጎን ናቸው።

ከዚያ ያገኛችሁትን ፈትኑት። ከሁሉ በላይ የሚያታልለን ይሉኝታ ነው። ብዙዎቻችን «እሴቴ» ብለን የምንጽፈው ሰው የሚጠብቅብንን ነው። «ለቤተሰቤ መልፋት» ይላል አንዱ፤ ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት «ካላደረግኩ ምን ይሉኛል?» ነው ከስር ያለው። ስለዚህ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ «ማንም ባያየኝ፣ ማንም ባያመሰግነኝ፣ ወሬውም ለማንም ባይደርስ ይህን አደርገዋለሁ?» አሁንም «አዎ» ካላችሁ የራሳችሁ ነው። ይሉኝታ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል። ነገር ግን በይሉኝታ የተራመደ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ የሚከፍለውም ዋጋ ቂም ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ፈተና እንዲህ ነው። የጻፋችሁት ነገር ሬሳ ሊያደርገው የሚችል ከሆነ እንደገና ጻፉት። «አለመጨነቅ»፣ «አለመቆጣት»፣ «ስሕተት አለመሥራት» በሙሉ የሞተ ሰው ከኛ አሳምሮ ይፈጽማቸዋል። ወደሚደረግ ነገር ለውጡት። «ልጆቼን አለመቆጣት» የሚለው «ልጆቼን በትዕግሥት ማዳመጥ» ይሁን።

በጣም ብዙ አትጻፉ። ሁለት ይበቃል።

ደረጃ 6፦ አንድ ትንሽ እርምጃ፣ ስሜቱን እንደያዛችሁ

አሁን እሴቱን ወደ ድርጊት አውርዱ። እርምጃው ትንሽ፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ በእናንተ እጅ ብቻ ያለ ይሁን። «ከእናቴ ጋር ያለኝን ግንኙነት አሻሽላለሁ» እርምጃ አይደለም። «ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዬ አምስት ደቂቃ አዳምጣታለሁ» እርምጃ ነው። እናቷ ደስ ይላቸው አይላቸው በእሷ እጅ አይደለም፤ መደወሉ ግን በእጇ ነው።

ዐረፍተ ነገሩን በዚህ መልክ ጻፉት፦ «___ እየተሰማኝ፣ ___ ስለሚገደኝ፣ ___ አደርጋለሁ።» የሷ እንዲህ ይሆናል፦ «ጸጸት እየተሰማኝ፣ ለእናቴ አሳቢ ልጅ መሆን ስለሚገደኝ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።» የመጀመሪያውን ክፍት ቦታ አትዝለሉት። ስሜቱ ሲመጣ «ተበላሸ» እንዳትሉ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ጽፋችሁታል።

ሰዓቱ ደረሰ እንበል። ስልኩን አንሥታ የእናቷን ስም አወጣች። ጣቷ ከስሙ በላይ ቆመ። ደረቷ ጠበበ፤ «አሁን ደክሟቸው ይሆናል፣ ነገ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ መጣ። እዚህ ላይ ስልኩን አታስቀምጥም። «ነገ ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣ» ትላለች። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ደረቷ አልላላም። ጣቷን አሳረፈች። ጠራ። «እማዬ» አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ቀጥላ «ደኅና አመሸሽ?» አለቻቸው። የእናቷ ድምፅ እንደፈራችው ደክሟል። ጸጸቱም እንደፈራችው መጣ። ይሁንና በዚያች አምስት ደቂቃ እናቷ «ልጄ ደወለችልኝ» ብለዋል።

ጸጸቱ አልጠፋም። የተለወጠው ጸጸቱ ሲመጣ እሷ ያደረገችው ነው። ውጤቱን የምትለኩት በዚህ ነው። ማታ ደብተራችሁ ላይ «ምን ያህል ተጨነቅኩ?» ብላችሁ አትጻፉ። «ወደምወደው አቅጣጫ ተራመድኩ?» ብላችሁ ጻፉ።

እርምጃው ከበዳችሁ አሳንሱት። አምስት ደቂቃ ከከበደ አንድ ደቂቃ፤ መደወል ከከበደ የድምፅ መልእክት። ስብሰባ ላይ ሐሳብ መስጠት ከከበደ አንድ ጥያቄ መጠየቅ። ማሳነስ ሽንፈት አይደለም። አቅጣጫውን መቀየር ግን ሌላ ነው፤ «ከመደወል ይልቅ ቤት ላጽዳ» ካላችሁ ወደ ደረጃ 1 ገጽ ተመልሳችሁ እዩት።

ደረጃ 7፦ ወደ ድሮው ስትመለሱ

ትመለሳላችሁ። ሳምንት በደንብ ሄዶ አንድ ቀን ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል፤ ስልኩ አይነሣም፣ ስብሰባው በዝምታ ያልፋል። በዚያን ቀን የሚመጣው ሐሳብ «ይሄም አልሠራልኝም» የሚል ነው። እሱም ሐሳብ ነው። በደረጃ 3 እንደተለማመዳችሁት ያዙት፤ ስሜቱን በደረጃ 2 እንደተለማመዳችሁት ቦታ ስጡት። ከዚያ የነገውን እርምጃ ጻፉ። ያለፈውን ለማካካስ ብላችሁ እጥፍ አታድርጉት፤ ያንኑ ትንሹን ጻፉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ 2ን በየቀኑ፣ ደረጃ 6ን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብትሠሩ ይበቃል። እሴታችሁን ከወር በኋላ እንደገና አንብቡት። በመጀመሪያ የጻፉትን የሚቀይሩ ብዙ ናቸው፤ ሲራመዱ ነው የሚለየው።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ለሳምንታት በጥረት ሠርታችሁ እንቅልፍ፣ ምግብ ወይም ሥራ እየተበላሸባችሁ ከሄደ፣ ስሜቱን ለመቋቋም መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ እየበረታባችሁ ከሆነ፣ ወይም ደረጃ 2ን በሞከራችሁ ቁጥር ከራሳችሁ የምትርቁ፣ ሰውነታችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። የመኖር ፍላጎት ካጣችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሂዱ።

ባለሙያውን ስታገኙ በዚህ የመቀበልና የቁርጠኝነት አካሄድ ሠርቶ እንደሚያውቅ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ባይሠራበትም ችግር የለም፤ የሚረዱ ሌሎች የሕክምና ዓይነቶች አሉ። መድኃኒት ታዝዞላችሁ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ልምምድ ጀመርኩ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚሰማችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና የትኛውን የሕይወታችሁን ክፍል እንደነካ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ቃል ሊጠፋባችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን አንብቡለት ወይም ስጡት።